ሰማያዊዋ ጀልባ

ልጃችን ኸይረዲን ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር በአፋር በኩል ወርዶ ሰማያዊ ጀልባ ላይ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ጀልባዋ ሰጠመች ተባለ። ሼህ ሙሀመድኑር ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «እንግዲህ በሩቁ እንስገድበት፣ ሰደቃውንም አውጡለት» አሉን። እሺ ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ዓፊያ ቀደመችኝ።

«ወላሂ ማንም አይሰግድበትም! ልጄ አልሞተም!»

ይህን ያስተማራት ቴሌቪዥኑ ነው፤ ምነው ያን ቀን በሰበርኩት! ዓፊያ ጅዳ ሠርታ ስትመለስ ዓረብኛ ይዛ መጣች። ከሳተላይቱ ቻናሎች አንዱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የጥንት ተከታታይ ድራማ ያሳያል፤ ጥቁርና ነጭ፣ በዓረብኛ የተተረጎመ። አንድ ባለ ባርኔጣ መርማሪ ከወደብ ወደብ እየዞረ የመርከብ ነጋዴዎችን ወንጀል ያወጣል። ጭነት የሰረቀውን፣ ኮንትሮባንድ የደበቀውን፣ ሁሉንም ይይዛል። እኔ ጨፋ ላይ ማሽላ ሳርስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መርከብ በዓይኔ አላየሁም። ሰውየው ሲጋራውን ለኩሶ ሲያስብ ብቻ የድራማው ግማሽ ያልቃል።

አንድ ቀን ታዲያ ሰጠመች የተባለች መርከብ ሌላ ወደብ ላይ ቀለሟ ተቀይሮ፣ አዲስ ስም ተጽፎባት ተገኘች። ለካ ባለቤቱ የኢንሹራንስ ብር ሊበላ ነው ሰጠመች ያለው። መርከበኞቹ አንድም ሳይጎድሉ በሕይወት አሉ። ዓፊያ ከመደቡ ብድግ አለች።

«አየህ ዘይኑ? አየህ? የኛንም ጀልባ ቀብተዋት ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው።»

«ፊልሙን የሠራው ሰው ካላየ ከየት ያመጣዋል? ሰንበቴ ሂድና አብዶን ጠይቅልኝ። ጀልባዋ ሰጥማለች ወይ በለው። ሌላ አትጠይቅ።»

አብዶ ሰንበቴ ገበያ ግመል ይዞ የሚመጣ የአፋር ወዳጄ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ነጋሪው ያየውንና የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ሰሚውም እስኪያልቅ አያቋርጥም። አብዶ ጥያቄዬን ይዞ ቆላ ወረደ። ሳላምንበት ነው የላክሁት፤ ግን ከዚያ ወዲህ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ድራማውን ማየት ጀመርኩ። መርማሪው ሲጋራ ሲለኩስ፣ «ፍጠን እንጂ አንተ ሰው!» እለዋለሁ። ተስፋ እንዲህ ያጃጅላል።

ዛሬ እሁድ አብዶ ከከብት ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር ጠበቀኝ። ተቀመጥን። ሰላምታው አለቀና ጀመረ።

«ይህን የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ የሰማው ከጀልባዋ ሠራተኞች ካንዱ አባት ነው። ጀልባዋ አልሰጠመችም። ባሕሩ ዳር ቆማለች። ሰማያዊ ነበረች፤ አረንጓዴ ቀብተዋታል።»

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልስማ! ብድግ ብዬ ደወልኩ።

«ዓፊያ! አልሰጠመችም! ቀብተዋታል፣ ልክ እንዳልሽው!»

እልልታዋ ጆሮዬን ሰነጠቀው። «አልሃምዱሊላህ! ኢልሚ ኮ ጅራ! ቶይባ፣ ነይ ስሚ፣ ልጄ አለ!» እያለች ጎረቤቷን ትጠራለች። አለቀስኩ፤ በዚህ ጢሜ፣ ገበያ መሀል።

አብዶ አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ወደ ታች ሳበኝ።

«ተቀመጥ ዘይኑ። ዳጉው አላለቀም።»

ተቀመጥኩ።

«ባሕር ጠባቂዎች መብራት አበሩባቸው። ሠራተኞቹ መያዝ ፈሩ። የጫኗቸውን ሰዎች በሙሉ ባሕሩ ውስጥ ጣሏቸው። ዳርቻው ሩቅ ነበር፤ አንድም የወጣ የለም። ጀልባዋን ባዶዋን መልሰው፣ እንዳትታወቅ ቀቧት። ዳጉው ይህ ነው።»

ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር። እጄ ውስጥ የሴቶች እልልታ ይሰማል፤ አሁን ብዙ ሆነዋል። ከመሀላቸው ዓፊያ ትጣራለች።

«ዘይኑ! ዘይኑ! አብዶ ሌላስ ምን አለህ?»