እስከ አሥር

ጤና መኮንኑ እንዳላማው፣ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን በዛለው ቀኝ እጃቸው ከፍ አድርገው እንዲይዙ ጠየቃቸውና እስከ አሥር መቁጠር ጀመረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

መቋሚያው ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። ከዲማ በቃሬዛ የመጡ ዕለትም ሦስት ላይ ነበር የወደቀው። ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለውን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በግምት ይታከማል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ራሱን ታሞ ግማሽ አካሉ ከዛለ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አንጎሉን አቁስሎት ይሆናል ተብሎ መድኃኒት ይጀመርለታል። በአሥር ቀን ከተሻለው ግምቱ ልክ ነበር። ካልተሻለው ቲቢ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እንዳላማው ዘንድሮ ሦስት ሰው ልኳል። አንዱም ሲመለስ አላየም።

የሪፈር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። ፊደሉ ይደበዝዝበታል።

«መንገዱን አይችሉትም፤ ዓባይን ሳይሻገሩ ይሞቱብኛል» አለች ሚስታቸው ሥራነሽ።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ ሥራነሽ? መድኃኒቱ እኮ አልሠራም።»

«ግማሹን እየተዉት እንዴት ይሠራል?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ መሪጌታ።

«አልልም!» ከትራሱ ሥር የተቋጠረ ሻሽ አውጥታ ፈታችው። ነጫጭ ክኒኖች። «የጧት የጧቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ በአፌ አይዞርም ይላሉ። የሚውጡት የማታውን ብቻ ነው።»

ካርዱ ላይ በየጧቱ «ተሰጥቷል» ተብሎ ተፈርሟል። ነርሷ ለአስታማሚ ሰጥታ ታልፋለች፤ ለአርባ አልጋ አንድ ናት። እንዳላማውም በየቀኑ «ወስደዋል?» ብሎ ጠይቋል። ይጾማሉ ወይ ብሎ አልጠየቀም። እሱም ስለሚጾም ነገሩ አልታየውም።

ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣ።

«መሪጌታ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል እኮ።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ስንቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ይህን በሽታ ይዤ ደግሞ በምን አፌ ልፍታ?»

«ሌላ ሰው ይህንኑ ይዞ ቢመጣ ጹም ይሉታል?» አለ እንዳላማው።

«ብላ እለዋለሁ» አሉ መሪጌታ።

እንዳላማው ከሻሹ ላይ የጧቱን አራት ክኒን ቆጥሮ አቀረበላቸው።

«አንተም ገርጥተሃል፣ ልጄ» አሉ። «ጠኔ ሊጥልህ ነው። እዚህ አልጋ ላይ ጠጋ ልበልልህ?»

ሥራነሽ ሳቋን አፍና ውሃ ቀዳች። መሪጌታ አማትበው አራቱን ክኒን አንድ በአንድ ዋጡ። እንዳላማው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ካርዱ ላይ «አንደኛ ቀን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ራሱ እየመጣ አስዋጣቸው።

በስድስተኛው ጧት መቋሚያው አምስት ላይ ወደቀ።

«ስድስት ብለሃል» አሉ መሪጌታ።

«አምስት ነው ያልኩት።»

«ስድስት ብለሃል! ሥራነሽ፣ አላለም?»

«ብሏል» አለች ሥራነሽ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

እንዳላማው አምስት ብሎ ጻፈ።