የአባ ጎርፉ ቀላቢ

ፈረሱ ለአርባ አንደኛ ጊዜ ሞተ፤ ሰይፈ ግን ሮሌክስ የሚሉትን የካምፓላ ጥቅል ምግብ መግመጡን አላቋረጠም። በአንድ እጁ በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል ይዞ፣ በሌላው የላፕቶፑን ቁልፍ እየነካ፣ ሜዳው ላይ የተጋደመውን እንስሳ እንደ ገበያ አጋሰስ አገላብጦ አየው። ከፈረሱ አጠገብ የቆመው የጦር አበጋዝ ክብሩ ቁልቁል ወረደ፤ ሁለት ዙር ሳይሞላ ወታደሮቹ ከድተውት ሄዱ። ሰይፈ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ሕጉም ዝንፍ አላለም።

ነገሩ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወረርሽኙ ካምፓላን ሲዘጋ፣ ሰርግ በሃያ ሰው ሲወሰንና የሰርግ ካርድ የሚያሠራ ሲጠፋ፣ ካርድ ነዳፊው ሰይፈ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር ያለው አንድ ምግብ ቤት ጥግ ያዘ። እዚያ ተቀምጦ፣ ዓለም ሁሉ በሚጫወተው አንድ የጦርነት ጨዋታ ላይ የራሱን መንግሥታት መጨመር ጀመረ። ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነፃ የሚለቁትን እንዲህ ያለውን ጭማሪ ሞድ ይሉታል። የሰይፈ ሞድ ዋና ነገሩ እንስሶቹ ናቸው። እያንዳንዱ አበጋዝ አንድ እንስሳ አለው፤ ፈረስ፣ ነብር ወይም ጅብ። ድል ባደረገ ቁጥር ትስስራቸው ይጠነክራል፤ እንደ ጥንቱ መኳንንትም በእንስሳው ስም አባ እገሌ ተብሎ ይጠራል። እንስሳው ከሞተ ግን ስሙም ክብሩም አብሮ ይቀበራል። ምትክ የለም።

ሞዱን ለሙከራ የወሰዱት አርባ ሰዎች ይህን ሕግ ጠልተውታል። ሰይፈም እነሱን ንቋቸዋል። ሲንቅ ደግሞ አይደክመውም። የምግብ ቤቱን ደንበኞች ኳስ ስለሚያዩ ይንቃቸዋል፤ አስተናጋጇን ስለምትስቅ፣ ባለቤቱን ስለማይስቅ። የአዲስ አበባ ልጆችን አገር አገር እያሉ ስለሚያለቅሱ ይንቃቸዋል፤ የአስመራዎቹን ደግሞ ስለማያለቅሱ። ለንቀቱም የዘር ማስረጃ ነበረው። ሟቹ አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ «እኛ የአባ ጎርፉ ዘር ነን» ሲለው ነው ያደገው። አያቱም ወንድይራድ ጎርፉ ይባሉ ነበር። ስለዚህ የሞዱ የመጀመሪያ አበጋዝ አባ ጎርፉ ተባለ፤ በመግቢያው ገጽ ላይም የሞዱ ፈጣሪ የዚሁ ጌታ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ በትልቁ ተጻፈ። ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞዱ ሲለቀቅ ሦስት ሺህ ሰው ይህን ሊያነብ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማን መጣ። ኮዱን የሚጽፈው አማን ነው። ቀን ቀን ኪኩቦ ገበያ ውስጥ በአክስቱ በእትዬ ርግኣት የጅምላ መደብር ሳሙናና ቅባት ያራግፋል፤ የተረፈውን ሰዓት ለሰይፈ ሞድ ይሰጣል። ተቀመጥ እስኪባል የመቆም ልማድ ነበረው። ሰይፈ ይህን እንደ ፍርሃት ቆጥሮት፣ ሁልጊዜ ትንሽ አቁሞ ነበር የሚያስቀምጠው። ዛሬም አቆመው።

«ሰይፌ፣ የአርባውንም ሪፖርት አየሁት» አለ አማን በመጨረሻ ሲቀመጥ። «ሠላሳ ስድስቱ እንስሳውን ወደ ጦርነት አይወስዱትም። ካምፕ አስረውት ነው የሚሄዱት።»

«ፈሪ ስለሆኑ ነዋ።»

«እንዳይሞትባቸው ነው። አስረው ካኖሩት ደግሞ ትስስሩ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር።» ላፕቶፑን ወደ ሰይፈ አዞረው። «ትስስሩ ከአበጋዙ ጋር ሳይሆን ከቀላቢው ጋር ቢሆንስ? ካምፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከሚያበላው፣ ከሚያጥበው ሰው ጋር። አበጋዙ ፈረሱ እንዲታዘዝለት ከፈለገ ቀላቢውን በደንብ መያዝ አለበት። ቀላቢውን ከበደለ ፈረሱ እግሩን አያነሳለትም። ሠርቼ ጨርሼዋለሁ፤ አሪፍ ይሠራል።»

ሰይፈ አፉን በወረቀት ጠረገ። «ፈረሱ ጌታውን ትቶ ለሎሌው?»

«እኛ ሱቅ ድመት አለች» አለ አማን ፈገግ ብሎ። «የገዟት እትዬ ርግኣት ናቸው፤ ስም ያወጡላትም እሳቸው። የምትከተለው ግን ሙኬኔ የሚወረውርላትን ተሸካሚ ነው። እሳቸው ሲጠሯት ዞር ብላም አታይ።»

ስለ ሙኬኔ ሲነሳ፣ ስለዚያች ጣት የማታህል የደረቀች ዓሣ፣ ሰይፈ ሽታው ሳይቀር የመጣበት መሰለው። ሦስት ሺህ ሰው የሚጠብቀው፣ በቅድመ አያቱ ስም የተሠራ ሥራ በኪኩቦ ድመት ሊታረም ነው! ሣቀ፤ ጮክ ብሎ ነው የሣቀው፤ ኳስ የሚያዩት ሰዎች ዞር እስኪሉ።

«አማን፣ እኔ አንተ ላይ አልፈርድም» አለ። «ዕድሜህን ሙሉ ካርቶን ስትሸከም ኖረህ ጌትነት ከየት ይመጣልሃል? ሎሌ ስለ ሎሌ ቢያስብ አይገርምም።»

አማን ላፕቶፑን ከደነ፤ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከተነሣ በኋላ ነው የተናገረው።

«እሺ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አንተ ያልከውን እለቀዋለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ የለሁበትም። ስሜንም አውጣው።»

ሰይፈ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ አይችልም። አማን ከሌለ ሞዱ በወር ውስጥ የሚጠግነው አጥቶ እንደሚሞት ያውቃል። ግን ከበሩ ማዶ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ሲያስቆም እያየው እንኳ፣ ይመለሳል፣ የት አባቱ ይሄዳል፣ እያለ ራሱን አጽናና። ነገሩን በሥራ ሊረሳው ፈለገና የመግቢያውን ገጽ ከፈተ። የፈረሱ ሥዕል ቀለም አልተቀባም ነበር። የጎርፉ መልክ ምን እንደነበረ አባቱ ነግሮት አያውቅም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወዳለችው አክስቱ፣ ወደ ወይዘሮ አለምዘውድ ደወለ።

«እታለም፣ የአባ ጎርፉ ፈረስ መልኩ ምን ነበር?»

«ጎርፉ?» አለች አክስቱ፣ ጤንነቱንና አበላሉን ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ። «ዳማ ነበር አሉ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት። ክፉ ፈረስ! ቀኛዝማቹን ሁለት ጊዜ ሰው ፊት ጥሏቸዋል። ከአባዬ አባት በቀር ማንንም አያስጠጋም ነበር ይባላል።»

ሰይፈ ብዕሩን አስቀመጠ። «የአያቴ አባት ራሳቸው አይደሉም እንዴ ቀኛዝማቹ?»

አክስቱ እስክትስል ድረስ ሣቀች።

«የእኛ? ቀኛዝማች? ኧረ በሞትኩት! ፈረስ ቀላቢያቸው ነበር እንጂ። ከፈረሱ ጋር ጋጥ ውስጥ ነው የሚያድረው አሉ። ሰዉ ሁሉ የጎርፉ፣ የጎርፉ እያለ ይጠራው ነበር። አባዬ ተማሪ ቤት ሲገባ የአባትህ ስም ማነው ሲሉት ጎርፉ ብሎ አስጻፈ፤ በዚያው ቀረ። ጌታ ያደረገን ያንተ አባት ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ ነፍሱን ይማረውና ወንድሜም እንደዚያው ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ ብዬ ነበር፣ ሰይፍዬ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰይፈ መጀመሪያ ያደረገው የለመደውን ነው፤ ቅድመ አያቱን ናቀው። ጋጥ ውስጥ የሚያድር፣ እበት የሚጠርግ፣ በራሱ ስም እንኳ የማይጠራ ሰው! ግን ንቀቱ እንደ ሌላው ጊዜ አላረካውም። ያ ሰው ሲዋረድ የሚዋረደው ራሱ ሰይፈ ነው። ፈረሱ ደግሞ ቀኛዝማቹን ሁለት ጊዜ ጥሏል፤ ያስጠጋው ግን ያንን ሰው ብቻ ነው። አማን ሳያየው ያወቀውን እሱ በደሙ ይዞት አላወቀውም። አፈረ። ማፈሩ ደግሞ አናደደው፤ ከንዴቱ በታች ግን «ሎሌ» ያለበት የገዛ ድምፁ አልለቅህ አለው።

አማን ጋ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አይነሳም። የጽሑፍ መልእክትም ላከ፤ አይነበብም። ሰዓቱ አስራ አንድ ከሩብ ሆነ። ለሦስት ሺህ ሰው ውሸት ሊለቀቅ ነው፤ አብሮትም የነበረው አንድ ሰው ሊሄድ ነው። ሰይፈ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ወጣና ያገኘውን ቦዳ አስቆመ።

«ኪኩቦ፣ ሴቦ» አለ ባለሞተሩን፣ በአገሬው ቋንቋ ጌታዬ ብሎ። «ቶሎ።»

ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ቦዳ ሰው መጫን ተከልክሏል፤ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ሰዓት እላፊው ይጀምራል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ናኪቩቦ ላይ መንገዱ ተቆለፈ። ሰይፈ ወርዶ በታክሲዎቹ መሐል በእግሩ ሄደ። ወደ ጁባ የሚጫን የጭነት መኪና ጠባቡን የኪኩቦ መተላለፊያ ዘግቶት ነበር። ተሸካሚዎቹ ማዳበሪያቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ጎሸሙት። በሌላ ቀን ቢሆን ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ስድብ አያጣም ነበር። ዛሬ ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፋቸው።

አማንን በመደብሩ በር ላይ፣ በሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘው። ከውስጥ እትዬ ርግኣት በትግርኛ በሩ እንዲዘጋ ይጣራሉ።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለ» አለ አማን ቀና ሳይል። «ቃሌን አልበላሁም።»

«የቀላቢውን አስገባው።»

አሁን ቀና አለ። «ለምን?»

ሰይፈ በመንገድ ላይ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ የአርባዎቹን ሪፖርት በድጋሚ አይቼ የሚል፣ ክብሩን የሚጠብቅለት መልስ። አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ጌታው የእኔ አይደለም» አለ። «ቅድመ አያቴ ፈረሱን ሲያበላ የኖረው ሰውዬ ነው። እኔ ሳላውቅ እሱን ነው የሰደብኩት። አንተን ግን እያወቅኩ ነው የሰደብኩህ። ይቅርታ።»

ቃሉን ስላልለመደው ከሌላው ቀጥኖ ወጣ። አማን ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፤ አልሣቀበትምም። ካርቶኑ ላይ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው። ሰይፈ ተቀመጠ። አማን የሠራውን ገጽ ከፈተና የአበጋዙን የዘር ሐረግ ከመግቢያው ላይ ሰረዘው፤ ሰይፈም አልከለከለውም።

«ስሙ?» አለ አማን።

«የማን?»

«የቀላቢው። አበጋዞቹ ሁሉ ስም አላቸው። ይህኛው ባዶ ከሆነ ጨዋታው አይቀበለውም።»

ቀላቢ ብለህ እለፈው፣ ሊል ነበር። አላለም። የፈረሱን ስም ያውቃል፤ መልኩን፣ የግንባሩን ነጭ፣ ስንት ጊዜ ጌታውን እንደጣለ ያውቃል። የሰውየውን ስም ግን አያውቅም፤ አባቱ አልነገረው፣ አያቱም አላስጻፉት። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እታለም፣ ስማቸው ማን ነበር? የቀላቢው። የእኛ ሰውዬ።»

«ስሙን?» አለች አክስቱ። «የጎርፉ ነው እኮ የሚሉት… ቆይ እስቲ። ጋሼ ዓለማየሁ እዚሁ ነው ያለው፣ እሱን ልጠይቀው፤ እሱ ሕፃን ሆኖ ደርሶባቸዋል። እንዳትዘጋው።»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በስልኩ ውስጥ እየራቀ ሄደ። በር ተከፈተ። ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚጮኸው ጮኻ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሰይፈ ሌላኛውን ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። አማን ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ይጠብቀዋል። ከሩቅ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።