ውጭ የቀረው ምድጃ

ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቦኬንግ ያለውን ቤቴን ልሸጥ ነው። ደላላው ታቢሶ፣ "እህቴ፣ ገዢዋ ሳትደርስ የከሰል ምድጃውን አስገቢና ቤቱን አሙቂው" አለኝ።

እኔም ስገዛው አሙቀው ነበር ያሳዩኝ። ግድግዳው ሙቀት እንደማይዝ ያወቅሁት የሰኔ ብርድ ሲገባ ነው። እናቴ ብርዱን አልቻለችም፤ ፍሙን መኝታ ቤቷ አስገብታ በሯን ዘጋች። ጠዋት ስገባ ፍሙም እሷም ቀዝቅዘው ነበር።

"አላስገባም" አልኩት።

"ገዢ ታባርሪያለሽ።"

"ትሂዳ።"

ገዢዋ ፑሌንግ ልጇን አዝላ መጣች። ጫማዋን አስወልቄ ወለሉ ላይ አቆምኳትና የእናቴን አሟሟት ነገርኳት። ታቢሶ አንገቱን ደፋ።

ፑሌንግ እግሯን እያፋተገች፣ "በዋጋ ከዚህ የሚረክስ ቤት አላገኘሁም" አለች። "የሞቱት የትኛው ክፍል ነው?"

አሳየኋት።

"እዚያ ዕቃ አስቀምጥበታለሁ" አለችና ልጇን ጠበቅ አድርጋ አዘለች።