የኦቦ ቱፋ የፊደል ሣጥን

«አንብብልኝ» አለ ኦቦ ቱፋ፣ ፊደል የሚደረድርባትን ብረት በግራ መዳፉ ላይ እያመቻቸ። «እኔ የምለቅመው በጆሮዬ ነው።»

ኦቦ ነጋሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ከእጃጂ በማለዳው አውቶቡስ የመጣ ገበሬ ነው። ልጁ ሌንጮ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይዳራል። የጥሪ ካርዱን አሳትሞ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ካልተመለሰ የነገው ገበያ ያመልጠዋል፤ ገበያው ካመለጠው ደግሞ በየቀበሌው ላለው ዘመድ ካርዱን ማን ያደርስለታል? መምህሩ የጻፈለትን ወረቀት ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ጀመረ።

«ል… ጃ… ችን… ሌን… ጮ…»

«ጎሽ! የት ተማርክ?»

«መሠረተ ትምህርት ነዋ! ምስክር ወረቀት አለኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ» አለ ኦቦ ነጋሳ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«በል የልጅቷን ስምና ቀኑን ብቻ ንገረኝ፤ የቀረውን አውቀዋለሁ። አምቦ ውስጥ በእኔ እጅ ሳያልፍ የተዳረ ሰው አለ እንዴ?»

እውነቱን ነበር። ነገሩ በሰባ አምስት ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። ያኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ማተሚያ ቤት የዕድር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም አንድ በአንድ በሰው ጣት ተለቅሞ ነበር የሚታተመው። ቤቷ የግል ነበረች፣ ኋላ መንግሥት ወረሳት፤ ሠራተኞቹ ግን ያው ናቸው፣ ሽታዋም ያው ነው፦ ቀለም፣ ነጭ ጋዝና አዲስ ወረቀት። አይ ያ ሽታ! በዚያ በር ያለፈ ሰው ልብሱን አጥቦም አይለቀውም ነበር። አሁን ካርድ ሲታተም ምንም አይሸትም፣ እኔ ደግሞ ያልሸተተ ካርድ ሠርግ ያለው አይመስለኝም።

የእርሳስ ፊደሎቹ የሚቀመጡት ሁለት መቶ ከምናምን ጉድጓድ ባለው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ኦቦ ቱፋ በዚህ ሣጥን ፊት ሃያ ሦስት ዓመት ቆሟል፤ አደራደሩም የራሱ ነው። የ፣ ን፣ ው፣ ት በቀኝ እጁ ሥር ናቸው። ጳ ከላይ ጥግ ናት፤ «ጳጳስ ካልመጣ ማን ይፈልጋታል?» ይላል። ጓ ድሮ ከእሷ ጎን ነበረች፤ አብዮቱ መጥቶ ሰው ሁሉ ጓድ፣ ጓድ ሲባባል ግን አንድ ቀን ሰብስቦ ወደ ታች፣ ወደ እጁ አወረዳት። በሹመት ወረደች ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ደንግጦ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ጊዜው ቀልድ የሚወደድበት አልነበረም።

«አንብብልኝ» የሚለውም ፀባዩ የታወቀ ነው። ማንም ጽሑፍ ይዞ ይምጣ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም ቢሆን፣ ቆሞ ያነብለታል። ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጣ ፀባይ መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። የእርጅና ኩራት ነው ብለው ተውት።

ኩራት አልነበረም። ኦቦ ቱፋ ዓይኑ ከድቶት ነበር። ዘመድ ጥየቃ ብሎ ብቻውን አዲስ አበባ ሄዶ ታይቶ፣ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሎታል። ብርሃን ያያል፣ የሰው ቁመና ይለያል፤ ፊደል የሚባል ነገር ግን የለም። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። እጁ እያለ ምን ጎደለኝ ብሎ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያይ ለቀመ፤ ከተማውም ሲያነብ ከረመ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚያ ሣጥን ፊት መነሳትን። ከዚያ ከተነሳ ጠዋት ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ኦቦ ነጋሳ ስሟንና ቀኑን እንደነገረው፣ ዛሬም ጣቶቹ ሮጡ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንዴ ብቻ ቆም አለ፤ «የ» የምትቀመጥበት ጉድጓድ ጎደል ያለች መሰለችው። ቅዳሜ ስላጠቡት ነው ብሎ ቀጠለ።

በእግር የምትረገጠው ማተሚያ አጠገብ የቆመችው እታገኝ ሳቋን በከንፈሯ ይዛ ታየዋለች። ዘጠኝ ዓመት ማሽን የረገጠች፣ ሥራዋን ከእሱ የተማረች ሴት ናት። ቅዳሜ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጓድ አሻግሬ የጽዳት ዘመቻ አውጆ ነበር። ኦቦ ቱፋ ደንዲ ለቅሶ ሄዷል። እሷ ታዲያ ፊደሉን ሁሉ በጋዝ አጠበች፤ ከማጠብም አልፋ ሣጥኑን ጠራርጋ ከሀ እስከ ፐ በተራ፣ በተራ ሞላችው። ቀኑን ሙሉ ፈጀባት። ሰኞ ሲመጣ ወይ ይመርቀኛል፣ ወይ ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ሰውዬው ምንም ሳይል መልቀም ጀመረ። ደግሞ እጁ የሚሄደው በድሮው ቦታ ነው።

«እያላገጠብኝ ነው» አለች በሆዷ። ኦቦ ቱፋ ቀልድ ይወዳል።

ጨርሶ በሲባጎ አሰረና አቀበላት። ቀለም ቀብታ ለማረሚያ አንድ ወረቀት አተመች። አየችው። ልጃችን መሆን የነበረበት «ሞቡሸኑ» ይላል፤ ከዚያ በታች ያለውማ አይነሳ። ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ ኦቦ ቱፋ! ገብቶኛል፣ ተቀጥቻለሁ! እንኩ እስቲ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለ። ክንዱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ያዘውና፣ ድምፁን ሞቅ አድርጎ ሳይደናቀፍ አወረደው።

«ልጃችን ሌንጮ ነጋሳና እጮኛው ፋንቱ ጂራ የጋብቻ ሥነ ሥርዓታቸውን ስለሚፈጽሙ፣ በዕለቱ በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።» ቀኑንም አክሎ ወረቀቱን መለሰላት። «ምን ጎደለው?»

እታገኝ ሳቋ ደረቀ። እጁን አየች፣ ከዚያም ዓይኑን አየች። ዓይኖቹ ከትከሻዋ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ነበሩ። አንብብልኝ፣ አንብቢልኝ የተባለው የሦስት ዓመት ነገር ሁሉ በአንዴ መጣባት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ኦቦ ነጋሳ ግን የልጁን ስም በኅትመት ለማየት ቸኩሎ ነበርና አነሳው። ጣቱን አስቀመጠ።

«ሞ… ቡ… ሸ…» ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። «ሞ… ቡ…» ላብ አጠመቀው። ወረቀቱን አጠፈና በአፍረት ወደ መሬት አየ። «ይቅርታ እህቴ። አሁን ጠዋት የመምህሩን አንብቤ ነበር እኮ። ይኼ ግን እምቢ አለኝ። ጠፍቶብኛል ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ማረሻ ስይዝ ከርሜ ጠፋብኝ። ያንን ምስክር ወረቀት ማውረድ ሊኖርብኝ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ጆሮውን ቀጥ አደረገ።

«ምን ይላል አልክ?»

«ተወው ኦቦ ቱፋ፣ እኔ ነኝ…»

«እታገኝ» አለ ኦቦ ቱፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜ ምን ሠራችሁ?»

«ፊደሉን አጠብኩት። ከዚያ… በሀ ሁ ተራ መለስኩት። ደስ ይልዎታል ብዬ ነው፣ ማርያምን!» እንባዋ መጣ። ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ማንም አላወቀም። ይቀመጡ ብቻ፤ እኔ ቶሎ ብዬ እለቅመዋለሁ። ሣጥኑንም ዛሬውኑ እንደ ድሮው አደርገዋለሁ። ለሰው ትንፍሽ አልልም።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ጓድ አሻግሬ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ካኪውን ተኩሶ የሚለብስ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ግን ከበላይ የሚጻፍለትን ደብዳቤ በጣም ይፈራል። ሳይፈርምበት አንድ ወረቀት አይታተምም። ከኦቦ ነጋሳ እጅ ማረሚያውን ወስዶ ዘረጋው።

«ይኼ ምንድን ነው?» ገለበጠው። «ኦቦ ቱፋ፣ ይኼ ምን የሚሉት ሥራ ነው? አሻጥር ነው ወይስ ስካር?»

«እኔ ነኝ» አለች እታገኝ። «እኔ ነኝ የለቀምኩት። ልለማመድ ብዬ።»

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ።»

ጓድ አሻግሬ በብብቱ ከያዘው ፋይል ውስጥ አንድ ደብዳቤ መዘዘ። «እኔ እኮ ዛሬ ለአዲስ አበባው የፊደል ለቃሚነት ሥልጠና ስምሽን ልልክ ፈርሜ ነው የመጣሁት! ዘጠኝ ዓመት ስትለምኚ የኖርሽበትን! ይኼን አይቼ እንዴት እልካለሁ? በማን ፊት ነው የምታዋርጂኝ?»

«ይቅራ» አለች እታገኝ። ድምፅዋ ግን ተሰበረ። ለዚያች ደብዳቤ ስንት ሰው ደጅ እንደጠናች ኦቦ ቱፋ ያውቃል።

ኦቦ ቱፋ ዝም ቢል ያልፍ ነበር። እሱ ምንም ማለት አይጠበቅበትም ነበር፤ እሷ ተሸክማለታለች። ሣጥኑ ማታውን ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ነገ ጠዋት ጣቶቹ እንደ ወትሮው ይሮጣሉ፣ ከዚያም አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት። ኦቦ ቱፋ ይህን ሁሉ አሰበ፤ አሰበና ጓጓ። ግን ያ የእጃጂ ገበሬ በሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ ሲተነፍስ ይሰማዋል። ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ ሊያወርድ ነው የሚሄደው።

«ኦቦ ነጋሳ» አለ።

«እዬ?»

«አንተ በደንብ ነው ያነበብከው። ሞቡሸኑ ነው የሚለው። ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ጓድ አሻግሬ ጥላ ዞረ። «የለቀምኩት እኔ ነኝ። እሷ እጇ የለበትም፤ ልታድነኝ ብላ ነው። ዓይኔ ፊደል ማየት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። የምለቅመው በእጄ ነበር። ቅዳሜ ሣጥኑ ተቀየረ፣ ይኸው ተጋለጥኩ።»

«ሦስት ዓመት?» ጓድ አሻግሬ ወረቀት መቁረጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ካኪው ቀለም ነካ፤ አላየውም። «የሦስት ዓመቱን ማረሚያ የፈረምኩት እኔ ነኝ እኮ። ስሕተት አይቼ አላውቅም።»

«አልነበረማ» አለ ኦቦ ቱፋ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ኮራ።

«ለበላይ ማሳወቅ አለብኝ። ይገባዎታል አይደል?»

«ይገባኛል።»

«ምን እንደሚሉ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የእሷ ደብዳቤ ግን?»

ጓድ አሻግሬ ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ፋይሉ መለሰ። «የእሷ ይሄዳል» አለና ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «የሰውዬው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት» አለ ኦቦ ነጋሳ ፈጠን ብሎ።

«እስከ አምስት ሰዓት አምጡልኝ፣ እፈርማለሁ።»

እሱ ሲወጣ እታገኝ ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ በሣጥኑ ላይ አጎነበሰች። እፍኝ ሙሉ «የ» አንስታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ድሮው ጉድጓድ ገለበጠች። «አንድ ሰዓት ይበቃኛል፤ ለካርዱ የሚያስፈልጉትን ብቻ እንደነበሩ አደርግልዎታለሁ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ይለቅሙታል፣ እስከ አምስት ይደርሳል።»

ኦቦ ቱፋ የፊደሎቹን መንኳኳት ሰማ። የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ በድምፁ አወቀ። እጁ ሳያዘው ወደዚያ ሄደ፤ «የ» እዚያ ነበረች፣ በቦታዋ። ጥቂት ቆየባት። ከዚያ በጣቶቹ ዝቆ አወጣትና መዳፏ ላይ መለሰላት።

«ተይው» አላት። «በሀ ሁ ይሁን። ላንቺ ይቀናሻል።»

«ኦቦ ቱፋ…»

«ሰው ይጠብቃል፣ አታልቅሺብኝ።» የብረት መደርደሪያዋን በግራ እጇ ላይ አስያዛትና አውራ ጣቷን ከጠርዙ ላይ አስተካከለላት። ረጅሟን ወንበር ከሣጥኑ ፊት ስቦ ወደ መስኮቱ ወሰደ፣ ተቀመጠ። «ኦቦ ነጋሳ፣ ና እዚህ ቁም። ወረቀትህን አውጣና አንብብላት። ቀስ ብለህ፣ ፊደል በፊደል። እንደ አንተ አድርጎ የሚያነብ ሰው ነው ለጀማሪ የሚያስፈልገው።»

ኦቦ ነጋሳ ወረቀቱን ዘርግቶ ጣቱን አስቀመጠ።

«ል» አለ።