የአባቷ የእጅ ስም

ፀጉር አስተካካዩ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬም ጠግቦ ነው የሚነሳው። የእግዜር ነገር ሆነና አንዲት ልጁ ጆሮዋ አይሰማም።

መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት ሚስቱ እንሂድ አለች። እሱ የለመደ ደንበኛውን ለማን ይተወው? እናንተ ቅደሙ፣ ሱቁን መላ ልበለውና እከተላለሁ አላት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለችው። ከዚያ ልጇን ይዛ ሄደች፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድ ክፍል ተከራየች።

እሱ ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ዓመት አለፈ። አይ ሞኝነት! የሰው ፀጉር መልሶ ይበቅላል፤ የልጅ ዕድሜ ግን ካመለጠ አመለጠ ነው።

በወር አንዴ እሁድ ቦርሳውን አንግቶ ይመጣል፣ አንግቶ ይሄዳል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በእጇ ታወራለች፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በእጇ ትቀልዳለች፣ ትስቃለች። እሱ «ምን አለች?» እያለ ሚስቱን ይጨቀጭቃል። ያ ወሬኛ ሰውዬ ከገዛ ልጁ ጋር ለማውራት አስተርጓሚ ፈላጊ ሆኖ አረፈው።

አንድ እሁድ ሚስቱ እንደ ጨዋታ አነሳችው። እዚህ ሰው ሁሉ የእጅ ስም አለው፤ ልጆቹ በሚያውቁት ነገሩ ያወጡለታል። አስተማሪዋ ጉንጯ ስለሚሰረጉድ ጣት ጉንጭ ላይ ነው፤ እናትየዋ ደግሞ ሻሽ ማሰር ናት። ፀጉር አስተካካዩ ደስ አለው። የእኔማ መቀስ ነው ብሎ ሁለት ጣቱን እየከፈተና እየዘጋ አሳያት።

ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ አይደለም አለችው። ጎንበስ ብላ የሌለ ቦርሳ ከመሬት አነሳችና ትከሻዋ ላይ አነገተች። ስሙ ይኸው ነው።

«ሌላ ስም አውጪለት በያት» አላት ሚስቱን።

እናትየዋ በእጇ ጠየቀቻት። ልጅቷ አሰብ አድርጋ መለሰች። ሚስቱ ተረጎመችለት።

«ሌላ ሲያደርግ ያየሁት ነገር የለም ነው የምትለው።»

አውቶቡሱ ደግሞ አይጠብቅም። ተነሳ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ቦርሳውን ሊያነግት አንስቶ ተወው፤ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎት ወጣ።