ያላበበ አይመረቅም

የእጽዋት ትምህርት ክፍል አንድ የቆየ ደንብ አለው። ተማሪው የፈለገውን ያህል ፈተና ቢያልፍ፣ በመጀመሪያው ቀን በዕጣ የደረሰው ተክል ካላበበ አይመረቅም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ከባቄላና ከአተር በቀር ሌላ ተክል በሐሳባቸው አልነበረም ይባላል። እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ባቄላ የደረሰው ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን በር ለይቶ ሳያውቅ ተክሉ አብቦ ያርፈዋል። ሱፍ የደረሰውም ብዙ አይቆይም። የእኛ ሰውዬ ግን እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ያወጣው ቃጫ ነበር።

ቃጫ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ደስ ሲለው። ካበበ በኋላ ደግሞ ይሞታል። ይህን ሁሉ የነገሩት ከፈረመ በኋላ ነው።

አብረውት የገቡት ተመርቀው ወጡ። ከእነሱ በኋላ የገቡትም ተመርቀው ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲያውም መምህር ሆኖ ተመለሰና «ጥያቄ አለህ?» እያለ በአክብሮትና በሀፍረት መካከል ይጠይቀው ጀመር። የእኛ ሰውዬ ግን የሚማረውን ሁሉ ተምሮ፣ የሚያልፈውን ሁሉ አልፎ፣ የመስታወት ጣሪያ ካለው የተክል ቤት ጥግ ቃጫው ሥር ቁጭ ብሏል። ተማሪዎቹ «ጋሼ ቡቃያ» የሚል ስም አወጡለት። መጀመሪያ ያናድደው ነበር፤ እያደር ለመደው፤ በመጨረሻ በእውነተኛ ስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎ ማየት ተወ።

ሰነፍ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ቃጫውን የሚይዘው እንደ እንቁላል ነበር። ጠዋት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ እሾሁ ሲወጋው «ምንም አይደል» ይለዋል። ነፋስ እንዳይመታው መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቅሎለታል። ቀን ያጠጣዋል፤ ማታ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ጠምቶት ይሆናል ብሎ ይደግመዋል። ቃጫውም ወፈረ፣ ተንዠረገገ፣ ጎረቤቶቹን እየገፋ ግማሹን ክፍል ያዘ። አበባ ግን የለም።

አንድ ጊዜ ቆርጦ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባ።

«ሌላ ተክል ይቀይሩልኝ» አለ።

«ዕጣ ነው እኮ፤ ዕጣ ይቀየራል እንዴ?» አሉ ኃላፊው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «ግን ችግርህ ገብቶኛል። ኮሚቴ እናቋቁምልሃለን።»

ኮሚቴው መጣ፣ ቃጫውን ዞሮ ዞሮ አየው። አንደኛው አባል ሳያስተውል ተደግፎት እያነከሰ ወጣ። የቀሩት ተመካክረው «ተስፋ አለው» የሚል ቃለ ጉባኤ ፈረሙ። ተስፋ ያለው ተማሪው ይሁን ተክሉ አልተገለጸም።

ጋሼ ቡቃያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በሳቅ ያልፈው ነበር። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ደንብ አለ። አባቱ እሱንና ታናሽ እህቱን «ሁለታችሁን ባንዴ ማስተማር አልችልም፤ ታላቁ ይጨርስና ታናሿ ትቀጥላለች» ብለው ቆርጠዋል። እህቱ ከእሱ ይልቅ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን እሱም አባቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ሳታኮርፍ «እስከዚያው» ብላ ልብስ ስፌት ሱቅ ከፈተች። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረ ሰው ቀሚስ ታሰፋለች። እስከዚያው ያለችው ነገር እየሰፋ ሄዶ ዕድሜዋ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ማታ ሲገባ የምትጠይቀው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

ከዚያ እራቱን ታቀርብለታለች፣ የነገ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ሻዩን ስኳር ጨምራ አማስላ ትሰጠዋለች። አንድም ቀን ፊት ነስታው አታውቅም። እሱ ደግሞ ለእሷ ሲል በማግስቱ ቃጫውን አንድ ጊዜ ጨምሮ ያጠጣዋል።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ረስቶ ወጣ። እህቱ ሱቋን ዘግታ ይዛለት መጣች። መምህር ሆኖ የተመለሰው ጓደኛው የተግባር ትምህርቱን ለእሱ ጥሎ መሄድ ለምዷል፤ ስለዚህ ስትደርስ አዲስ ገቢዎቹን የሚያስተምረው ወንድሟ ነበር።

«ልብ በሉ» ይላል ቲማቲሞቹ ፊት ቆሞ። «ውሃና ምቾት የበዛለት ተክል ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ ለማበብ አይቸኩልም። ምን ጎደለበትና? ትንሽ ሲጠማው፣ ትንሽ ሲጨንቀው፣ ሳልተካ ልሞት ነው ብሎ ሲደነግጥ፣ ያኔ ነው አበባ የሚያወጣው።»

ይህን ሲናገር በአንድ እጁ ማጠጫ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ እንዳዞረ፣ ከኋላው ያለውን ቃጫ እያጠጣ ነበር።

እህቱ ተማሪዎቹ እስኪወጡ በሩ ላይ ጠበቀች። ከዚያ ገብታ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«እስቲ አሁን ያልከውን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ምን ጎደለበትና ያልከውን።»

ደገመላት። መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ እየቀነሰ ሄደና ዓይኑ ወደ ማጠጫው ወረደ።

«ይህን ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«ኧረ ድሮ ነው። ፈተና ላይም መጥቶ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ነጥብ ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ?»

«እሱ ስለ ተክሎች ነው እኮ» አለ። «ይኼ የኔ ነው።»

እህቱ ወንበር ስባ ቃጫው ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች።

«ስማ» አለችው ቃጫውን። «እኔ ሰው ሰድቤ አላውቅም። ተክልም ሰድቤ ስለማላውቅ ካጠፋሁ ይቅር በለኝ። ይኸው ስትበላና ስትጠጣ ስንት ጊዜህ? ጎረቤቶችህን ገፍተህ ግማሽ ክፍል ያዝክ። ያ ሚስኪን ባቄላ እንኳ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ተበልቶ አለቀ። ወረፋ የሚጠብቅህ ሰው እንዳለ ታውቃለህ። ታውቃለህ፣ ግን ማንም ተናግሮህ አያውቅም፤ ሁላችንም ስናባብልህ ኖርን። እኔ ደከመኝ። ወገቤን አመመኝ። የሰው ሱሪ ሳሳጥር የኔ ዕድሜ አጠረ።»

ጋሼ ቡቃያ ከኋላዋ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ንግግሩ ለቃጫው መሆኑን ቢያውቅም፣ ቃሉ ሁሉ መንገድ እየሳተ እሱ ጋ ይደርስ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ስትጨርስ መጋረጃውን ቀድዳ አወረደች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ማጠጫውን በብብቷ ይዛ ሄደች። በዚያው ቀን ማታ ቤት ሲገባ እራት አልቀረበለትም። ሸሚዙም አልተተኮሰም። ሻዩን ራሱ አፈላ፤ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ስላላወቀ መራራውን ጠጣው።

ቃጫው መጀመሪያ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ቢጫ ሆነ። ጋሼ ቡቃያ አላስችል ብሎት ስንት ጊዜ በኩባያ ውሃ ይዞ ተነሣ፤ ስንት ጊዜስ ራሱ ጠጥቶት ተመለሰ። ከዚያ ከመሃሉ አንድ ወፍራም አገዳ ብቅ አለና ማደግ ጀመረ። አደገ፣ አደገ፣ ጣሪያው ጋ ደረሰ፣ መስታወቱን ሰብሮ ወጣና ከጣሪያው በላይ አበበ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ደንቡ አበባው በፈተና ጠረጴዛ ላይ ይመረመራል ይላል። አገዳው ይቆረጥ እንዳይባል ደግሞ ተክሉ በሕይወት መኖር አለበት ይላል። ኃላፊው ሲያስቡ ዋሉና መፍትሔው ተገለጠላቸው። አበባው ወደ ጠረጴዛው መውረድ ካልቻለ ጠረጴዛው ወደ አበባው ይውጣ አሉ። ጠረጴዛው በገመድ ተጎትቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። ኮሚቴው በመሰላል ተከተለ፤ ያ የተወጋው አባል ከታች ሆኖ «እስማማለሁ» ብሎ ድምፁን ሰጠ።

ጋሼ ቡቃያ በተመረቀ ዕለት አለቀሰ። አባቱ «የደስታ ነው» እያሉ ለሰው ሁሉ ያስረዱ ነበር። አልነበረም። ቃጫው በዚያ ሳምንት ከሥሩ ጀምሮ እየደረቀ ነበርና ሆዱ ባብቶ ነው። ይህን የተረዳችው እህቱ ብቻ ነበረች፤ መሐረብ አቀበለችው።

ተራው የእሷ ሆነ። የስፌት መኪናው ለእሱ ቀረ፤ በእጽዋት ዲግሪ ሥራ እስኪያገኝ፣ እስከዚያው። ሁሉም ሰው የሂሳብ አያያዝ ትማራለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ሄዳ እጽዋት ተመዘገበች። ወንድሟ ሊያብድ ደረሰ።

«ምን ነካሽ? ያየሽው አይበቃሽም?»

«ከዚያ ተክል ጋር ያልጨረስኩት ነገር አለኝ» አለችው።

የዕጣው ቀን እሱም ሸኝቷት በሩ ላይ ቆመ። ኃላፊው ሳጥኑን ሲያቀርቡ ፊታቸው በደስታ በርቷል። የሞተው ቃጫ ከመድረቁ በፊት አገዳው ላይ ትንንሽ ልጆቹን ከነቅጠላቸው አብቅሎ መሬት ላይ አርግፏቸው ነበር፤ እና ይህን የመሰለ ችግኝ እያለ ሌላ ዘር መፈለግ ለምን ያስፈልጋል ብለው ሳጥኑን በእነሱ ሞልተውታል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እያወጡ «እንዴት ያምራል» ይባባላሉ። ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያውቁት ጋሼ ቡቃያና እህቱ ብቻ ነበሩ። እህቱም አወጣች፤ አየችው፤ ወደ ወንድሟም አየች።

እሱ ግን ዓይኑ ችግኙ ላይ ነበር። የቅጠሉ ዳር ቁርጥ እናቱን ነው። ሳያስበው ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ተወው» አለችው። «ሱቁን ክፈት፤ ሰው ሱሪውን ሊወስድ ይመጣል።»

ወንበር ስባ ችግኙ ፊት ተቀመጠች። «ስማ» አለችው። ሌሎቹ ተማሪዎች እሷን አይተው፣ የትምህርቱ አካል መስሏቸው፣ እያንዳንዳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና ችግኞቻቸውን መውቀስ ጀመሩ። ኃላፊው ቃለ ጉባኤ ያዙ።

ጋሼ ቡቃያ ቀኑን ሙሉ አንድ ሱሪ ሲያሳጥር ዋለ፤ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮበት ሁለተኛውን ቢቆርጥ ያኛው ረዘመ። ማታ እህቱ ስትገባ ሳያስበው ቃሉ ከአፉ ወጣ።

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

እራቷን ሊያቀርብላት ብድግ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና፣ ለእሷው ብሎ፣ ጨክኖ ተመልሶ ተቀመጠ።

እህቱ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ቃጫ አይደለሁም» አለችው። «አቅርብ።»