የአጭሩ ክንድ

ካቴድራሉ ሁለት ማማ አለው፤ ግራው ከቀኙ ያጥራል። ታሪኩን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፦ ቀኙን የሠራው ረጅሙ ግንበኛ ነው፣ ግራውን አጭሩ፤ አጭሩ ቆጠራ ጠፍቶበት ሳይጨርስ ጣሪያውን ገጠመ። ስህተቱ የእሱ ነው ተባለ፤ በዚያው ጸና። የልጅ ልጁ እንደ አያቷ ግንበኛ ናት፤ እንደ እሱም አጭር። ገና ተማሪ ሳለች "ጎዶሎ" የሚል ስም ወጣላት፤ ይኸው ጸጉሯ ሸብቶም በዚሁ ትጠራለች። ሰው ለክፉ ነገር ሲሆን መቼ ይረሳል!

የካቴድራሉ መቶኛ ዓመት ሲቃረብ አስተዳዳሪው ቆሞስ ግራውን ማማ ከቀኙ እኩል ለማድረግ ግንበኛ ፈለጉ። ጎዶሎ ማንም ሳይቀድማት ደረሰች።

"ይከብድሻል፣ ልጄ" አሏት።

"አባ፣ ቤተሰቤ ያጎደለውን ቤተሰቤ ይሙላው። ለሌላ ከሰጡት ኃጢአቴን የምናዘዘው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነው።"

ቆሞሱ ሳቁና ሥራውን ሰጧት።

በማግስቱ ልኬት ልትወስድ በግራው ማማ ጠባብ ደረጃ ወጣች። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ ትንንሽ መስቀሎች ተቀርጸዋል። የድሮ ግንበኞች ልኬት መሆኑን ታውቃለች፤ ለአንድ ክንድ አንድ መስቀል። ቆጠረች፤ ሠላሳ። ወደ ቀኙ ማማ ሮጠች። እዚያም ሠላሳ!

ግራ ገባት። ክርኗን አንዱ መስቀል ላይ አሳርፋ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች። ጣቷ የሚቀጥለው መስቀል ጋ ሳይደርስ ቀረ። ወደ አያቷ ማማ ተመልሳ እንደዚያው አደረገች። የመሀል ጣቷ ጫፍ መስቀሉ ላይ ልክክ አለ። ለካ ሁለቱም ሠላሳ ክንድ ሥሩ ተብለው ሠላሳ ክንድ ሠርተዋል፤ በማን ክንድ እንደሆነ የነገራቸው የለም እንጂ! ጎዶሎ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አያቷን አስባ አለቀሰች።

ስትወርድ ቆሞሱ አሸዋ እያስራገፉ ነበር።

"እህስ፣ ስንት ይጎድለዋል?"

"ምንም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ዓይን የለሽም?"

ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቆሞሱ ቀና ብለው ማማዎቹን ተራ በተራ አዩ።

"ሥራሽ ይቀራል እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

"ይቅር። እዚያ ላይ አንዲት ድንጋይ የሚጨምር ሰው ካለ እኔን አልፎ ይውጣ። ሠላሳ ክንድ ብለው አዘዙት፤ ሠላሳ ክንድ ሠራ።" እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ዘረጋችላቸው። "ክንዱም ይኸውልዎ።"